«ሂስትሪ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል፤ ትርጕሙና አመጣጡ

እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሁሉ «ሂስትሪ» ምን ማለት ነው ተብሎ ቢጠየቅ ሳይዘገይ «ታሪክ ማለት ነው» ብሎ ይመልሳል። ታሪክስ ምንድን ነው ቢባል «ያለፈው ዘመን ወሬ፣ የነገሥታት ሥራና የጦርነት ዘመን ዝርዝር ነው» ይላል። ይህ መልስ ስሕተት አይባልም፤ ዳሩ ግን ቃሉ ከ2,400 ዓመት በፊት በግሪኮች አፍ የነበረውን ፍሬ ነገር አይነካም። በዚያን ጊዜ ቃሉ ያለፈን ነገር ብቻ ለይቶ አያመለክትም ነበር። የሚያመለክተው አንድ የሰው ሥራን ነው፤ ይኸውም መጠየቅ፣ መመርመር፣ ጠይቆና መርምሮም ማወቅ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ቃሉ ከወዴት እንደ ተነሣ፣ በምን መንገድ እንደ ተጓዘና በየደረሰበት ምን እንደ ጣለና ምን እንደ ያዘ ለማሳየት እንሞክራለን። የአንድን ቃል አመጣጥ መከተል የመዝገበ ቃላት ጨዋታ ብቻ ነው የሚሉ ጓደኞች እንዳሉን እናውቃለን። እኛ ግን ነገሩ ለሥራችን በጣም ቅርብ ነው ብለን እናስባለን። የታሪክ ተማሪ ተብለን የምንጽፈው ጽሑፍ ጥያቄ ነው ወይስ የሌላ ሰው መልስ ግልባጭ ነው? ጽሑፋችን የሚያመራው ወደዚህ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

፩. ምስክርና ዳኛ በአንድ ስም

«ሂስትሪ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛና በላቲን በኩል ነው። ላቲኖቹ «ሂስቶሪያ» ብለው የወሰዱት ከግሪኮች ሲሆን፣ የግሪኩ «ሂስቶሪያ» ደግሞ «ሂስቶር» ከሚለው ስም ይወለዳል። ሂስቶር ማለት ዐዋቂ፣ እማኝ፣ እንዲሁም በተከራካሪዎች መካከል ገብቶ የሚፈርድ ሰው ማለት ነው። የቃሉ ጥንተ ሥር ማየት ነው። ግሪኮች «ዐውቃለሁ» ለማለት «ኦይዳ» ይላሉ፤ ይህም በአገባቡ «አይቻለሁ» ማለት ነው፤ ያየ ሰው ያውቃልና። ከዚሁ ጥንታዊ ሥር የላቲኑ «ቪዴሬ» ማለትም ማየት፣ የሕንዶቹ ቅዱሳት መጻሕፍት ስም «ቬዳ» እና የእንግሊዝኛው «ዋይዝ» ማለትም ብልህ ተገኝተዋል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የምንላቸው «ቪዛ» እና «ቪዲዮ» እንኳ በላቲኑ በኩል የዚሁ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው።

ሂስቶር ምን ይሠራ እንደ ነበር የሚያሳዩ ሁለት ቦታዎች በሆሜር «ኢልያድ» ውስጥ ይገኛሉ። የመጀመሪያው በ18ኛው ክፍል፣ የአኪሌስ ጋሻ በተገለጸበት ላይ ነው። በጋሻው ላይ ከተቀረጹት ሥዕሎች አንዱ በአደባባይ የሚሟገቱ ሁለት ሰዎችን ያሳያል። የሙግታቸው ምክንያት የሞተ ሰው የደም ካሣ ነው። አንዱ ከፍያለሁ ይላል፤ ሁለተኛው ምንም አልተቀበልሁም ብሎ ይክዳል። ሁለቱም ጕዳያቸው በሂስቶር ዘንድ እንዲያልቅ ይፈልጋሉ። ሽማግሌዎች በተለሰለሱ ድንጋዮች ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ በየተራቸውም በትር ይዘው እየተነሡ ይፈርዳሉ፤ ሕዝቡም ከግራና ከቀኝ ያሟሙቃል። በዛፍ ጥላ ሥር የሽማግሌ ጉባኤ ተቀምጦ የደም ዕርቅ ሲያይ ለተመለከተ ኢትዮጵያዊ ይህ ሥዕል ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይደለም።

ሁለተኛው ቦታ በ23ኛው ክፍል ነው። በሠረገላ እሽቅድምድም ጊዜ ኢዶሜኔዎስና አያክስ የማን ፈረሶች እንደ ቀደሙ ይከራከራሉ። ኢዶሜኔዎስም እንወራረድ፣ አጋሜምኖንም ሂስቶር ይሁነን ይላል። ይህም በላ ልበልሃ በተባለው የቀድሞ የሙግት ሥርዓታችን ተሟጋቾች ውርርድ እየጠሩ ይከራከሩ የነበረበትን ልማድ ያስታውሰናል። ከዚህም ሌላ ግሪኮች ሲምሉ አማልክቶቻቸውን ሂስቶር፣ ማለት ምስክር፣ አድርገው ይጠሩ ነበር፤ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀው የሂፖክራጥስ መሐላ የሚጀምረው በዚህ ዓይነት ነው።

እንግዲህ ሂስቶር ተረት ነጋሪ አልነበረም። ሁለት ወገኖች እየተካካዱ ሳለ እውነቱን ለይቶ ያወጣል ተብሎ የሚታመን ሰው ነበር። ሂስቶሪያም የዚህ ሰው ሥራ ነው። በቃሉ መነሻ ላይ ክርክር አለ፤ ምስክር አለ፤ ፍርድም አለ። ክርክር በሌለበት ስፍራ ሂስቶር አያስፈልግም ነበር።

፪. ሄሮዶቱስና የዓባይ ጥያቄ

ይህን ቃል በትልቅ መጽሐፍ መግቢያ ላይ ያቆመው የሀሊካርናሱሱ ሰው ሄሮዶቱስ ነው። ሄሮዶቱስ የኖረው ከጌታችን ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ የመጽሐፉ ዋና ጕዳይ በግሪኮችና በፋርሶች መካከል የተደረገው ጦርነት ነው። በመክፈቻው ላይ ሥራውን የራሱ «ሂስቶሪዬ» ውጤት አድርጎ ያቀርባል፤ ዓላማውም የሰዎች ሥራ በዘመን ብዛት እንዳይጠፋና የጦርነቱ ምክንያት እንዲታወቅ እንደ ሆነ ይናገራል። በዚህ ቦታ «ሂስቶሪዬ» የሚለውን «ታሪክ» ብለን ብንተረጕመው ነገሩን እናጠፋዋለን። ደራሲው የሚለው «የጠየቅሁትና የመረመርሁት ይህ ነው» ነው።

የአጠያየቁን መንገድ ለማየት ስለ ግብፅ የጻፈውን ሁለተኛውን መጽሐፉን መመልከት ይበቃል። እዚያ ላይ ዕውቀቱን በየምንጩ ይለያል። በዓይኑ ያየው አንድ ነው፤ በራሱ አእምሮ የገመተው ሁለት ነው፤ ጠይቆ ያገኘው ሦስት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚጽፈው ግብፃውያን የነገሩትን መሆኑን ለአንባቢው ያስታውቃል። ስለ ዓባይ ወንዝም ሲጽፍ እስከ ኤሌፋንቲን ደሴት ድረስ ሄዶ በዓይኑ እንዳየ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ግን በመጠየቅና በመስማት እንዳገኘ ይገልጻል። ኤሌፋንቲን ዛሬ አስዋን በተባለችው ከተማ አጠገብ ናት። ከዚያ በላይ ያለውን አገር ግሪኮች «አይቲዮፒያ» ይሉት ነበር፤ በዚህ ስም ይበልጡን የሚያመለክቱት ሜሮዌን ዋና ከተማዋ ያደረገችውን የኩሽን አገር ስለ ሆነ ከዛሬይቱ ኢትዮጵያ ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር አይገባም።

የዓባይ ምንጭ ወዴት ነው የሚለውን ጥያቄ ለግብፆች፣ ለሊብያ ሰዎችና ለግሪኮች ሁሉ ቢያቀርብ ዐውቃለሁ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ሆነ። እርሱም በሳይስ ከተማ የቤተ መቅደስ ሀብት ጸሓፊ ነበር። ሰውዬው ምንጩ በሁለት ሾጣጣ ተራሮች መካከል እንደ ሆነ፣ የተራሮቹም ስም ክሮፊና ሞፊ እንደሚባል፣ ውሃውም ገሚሱ ወደ ሰሜን ገሚሱ ወደ ደቡብ እንደሚፈስ ነገረው። ሄሮዶቱስ ይህን ሁሉ ጽፎልናል፤ ጽፎም ሰውዬው የቀለደበት እንደ መሰለው ጨምሮ ነግሮናል። በሌላም ቦታ የሚባለውን የመጻፍ ግዴታ ቢኖርበትም የሚባለውን ሁሉ የማመን ግዴታ እንደሌለበት ያስታውቃል። «እንዲህ አሉ» ከማለት አልፎ ማን እንዳለ፣ የሰማውም ሰው ምን እንደ መሰለው መጻፍ ከአሉባልታ የሚለይ ነገር ነው።

ዓባይ በበጋ ወራት ለምን ይሞላል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ በዘመኑ ሦስት መልሶች ነበሩ። አንዱ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ወንዙን ወደ ኋላ ስለሚያግደው ነው የሚል ነበር። ሄሮዶቱስ ግን ነፋሱ ሳይነፍስ የቀረበት ጊዜ ብዙ ሆኖ ሳለ ወንዙ መሙላቱን እንዳልተወ፣ ደግሞም በዚያው ነፋስ ፊት የሚፈስሱ ሌሎች ወንዞች እንደዚህ እንደማይሆኑ አመልክቶ አፈረሰው። ሁለተኛው ወንዙ ምድርን ከሚከብበው ውቅያኖስ ይመጣል የሚል ነበር፤ ይህንም ማስረጃ የማይገኝለት ተረት ነው ብሎ ተወው። ሦስተኛው የበረዶ መቅለጥ ነው የሚል ነበር፤ ይህንም ወንዙ የሚመጣበት አገር እጅግ ሞቃት ነው፣ ዝናብም ውርጭም የለበትም ሲል ናቀው። በመጨረሻ ፀሐይ በክረምት ወደ ደቡብ እየሄደች ውሃውን ስለምትስበው ነው የሚል የራሱን አሳብ አቀረበ።

እኛ ዛሬ እንደምናውቀው ይህ አሳብ ልክ አልነበረም። ወንዙን የሚያስሞላው ከሰኔ እስከ መስከረም በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው፤ ወደ አስዋን ከሚደርሰው የዓመት ውሃ ከመቶ 85 ያህሉ በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል የሚሄድ የዚህ አገር ውሃ ነው። ዝናብ የለበትም ያለው አገር የዝናቡ አገር ሆኖ ተገኘ። ሆኖም ከስሕተቱ የምንማረው ከትክክለኛው ነገር ያላነሰ ነው። ጥያቄውን፣ የሌሎችን መልስ፣ የጣለበትን ምክንያትና የራሱን ግምት ለያይቶ ስለ ጻፈ፣ ስሕተቱ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደ ገባ ጣታችንን አኑረን ልናሳይ እንችላለን። መልሱን ብቻ ጽፎ ቢያልፍ ኖሮ ወይ ማመን ወይ አለማመን እንጂ ማረም አይቻለንም ነበር።

፫. ቃሉ እየጠበበ መሄዱ

ከሄሮዶቱስ ቀጥሎ የፔሎፖኔስን ጦርነት የጻፈው የአቴናው ቱኪዲደስ «ሂስቶሪያ» የሚለውን ቃል በመጽሐፉ አልተጠቀመበትም። ግን ሥራውን አልተወውም። አብዛኞቹ ሰዎች እውነትን ለመፈለግ እንደማይደክሙ፣ ያገኙትንም ወሬ እንደሚቀበሉ ይወቅሳል። በአንድ ነገር ላይ የተገኙ የዓይን ምስክሮች ስለዚያው ነገር የተለያየ ቃል እንደሚሰጡ፣ ይህም የሚሆነው አንድም ለአንዱ ወገን በማድላት፣ አንድም በመርሳት እንደ ሆነ ያስረዳል። እንግዲህ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ያዩት ሰዎች እርስ በርሳቸው መመዘን አለባቸው።

በ4ኛው መቶ ዓመት ከልደት በፊት አሪስጣጣሊስ ቃሉን በሁለት ወገን ይጠቀምበታል። ስለ እንስሳት የጻፈው ትልቅ መጽሐፉ ስሙ «ሂስቶሪያ» ነው፤ ትርጕሙም የእንስሳት ታሪክ ሳይሆን ስለ እንስሳት የተደረገ ምርመራ ማለት ነው። ስለ ቅኔ ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ግን «ሂስቶሪያ» የሆነውን ነገር የሚናገር፣ ግጥም ደግሞ ሊሆን የሚችለውን የሚናገር ነው ብሎ ይለያል፤ ግጥምንም ለፍልስፍና የቀረበች ናት ይላል። በዚህ ጊዜ ቃሉ የሥራው ስም መሆኑን ትቶ የሥራው ውጤት፣ ማለትም የተጻፈው ትረካ ስም ወደ መሆን ሲያልፍ እናያለን።

ይህን መለወጥ አጥብቆ የተቃወመው ፖሊቢዩስ ነው ለማለት ይቻላል። ፖሊቢዩስ በ2ኛው መቶ ዓመት ከልደት በፊት ሲጽፍ፣ ቲማዮስ የተባለውን ደራሲ 50 ዓመት ያህል በአቴና ተቀምጦ መጻሕፍት ከማገላበጥ በቀር አገሩንም ሰዉንም አልመረመረም ሲል ይነቅፈዋል። እርሱ ራሱ ሃኒባል በ218 ዓመት ከልደት በፊት አልፕስ የተባሉትን ተራሮች እንዴት እንደ ተሻገረ ለመጻፍ በነገሩ ላይ የነበሩትን ሰዎች እንደ ጠየቀ፣ መንገዱንም ሄዶ እንዳየ ይናገራል። መጽሐፍ ማንበብ የሥራው አንድ ክፍል ነው፤ ሥራው ሁሉ ግን አይደለም።

፬. ጳውሎስ ጴጥሮስን ጠየቀ

የቃሉ ግሥ በሐዲስ ኪዳን ግሪክኛ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 1 ቍጥር 18 ላይ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ከኬፋ ጋር 15 ቀን እንደ ተቀመጠ ሲናገር የወጣበትን ምክንያት የገለጸው በዚህ ግሥ ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን ቦታ ሲተረጕም ሐዋርያው «ለማየት» አለማለቱን፣ ታላላቅ ከተማዎችን ለመጐብኘትና ለማወቅ የሚሄዱ ሰዎች የሚሉትን ቃል መምረጡን ልብ ይላል።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ግሥ የተረጐመው «መጠየቅ» በሚለው ቃል ነው። እኛ ስናስበው ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም። በአማርኛ «ጠየቀ» ስንል ጥያቄ አቀረበ ማለታችን ብቻ አይደለም። የታመመ ይጠየቃል፤ የታሰረ ይጠየቃል፤ የወለደች ትጠየቃለች፤ ዘመድ ይጠየቃል። በዚህ ሁሉ ጠያቂው ከቤቱ ተነሥቶ መሄድና ከሰውዬው ዘንድ መቀመጥ አለበት። በግዕዝም «ጠየቀ» ማለት አተኵሮ ተመለከተ፣ መረመረ፣ አረጋገጠ ማለት ነው፤ «ጥዩቅ» የሚባለውም የተረጋገጠ ነገር ነው። ስለዚህ ግሪኮች በ«ሂስቶሪያ» የገለጹት አሳብ፣ ይኸውም ሄዶ ማየት፣ ሰውን ማነጋገርና አረጋግጦ ማወቅ፣ በቋንቋችን ባዕድ አይደለም። ስሙ ከ«ታሪክ» ዘንድ ስላልሆነ ብቻ ሳናስተውለው ቀርተናል።

፭. ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ

ቃሉ ወደ ላቲን ሲገባ በይበልጥ የትረካ ስም ሆኖ ገባ፤ ነገር ግን የጥንቱ ትርጕም ፈጽሞ አልጠፋም። ፕሊኒዩስ በ77 ዓመተ ምሕረት ገደማ ስለ ፍጥረት የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ «ናቱራሊስ ሂስቶሪያ» ብሎ ሰይሞታል፤ ዛሬም በሎንዶን ከተማ የአጥንት፣ የአዕዋፍና የማዕድን ስብስብ የሚታይበት ቤተ መዘክር «ናቹራል ሂስትሪ ሙዚየም» መባሉ የዚያ ትርፍ ነው። በ636 ያረፈው የሴቪልያው ኢሲዶሮስም በጥንት ሰዎች ዘንድ በነገሩ ላይ የተገኘና ያየ ካልሆነ በቀር ማንም ሂስቶሪያ አይጽፍም ነበር ብሎ ጽፏል።

በእንግሊዝ አገር የቃሉን ጥንተ ሥራ ከሁሉ አብልጦ የፈጸመው ቤዳ የተባለው መነኵሴ ይመስለናል። በ731 የእንግሊዝ ሕዝብ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሆነውን «ሂስቶሪያ» በላቲን ቋንቋ ሲፈጽም፣ በመቅድሙ ላይ ነገሩን ከማን ከማን እንዳገኘ በስም ይዘረዝራል። የካንተርበሪውን አበምኔት አልቢኑስን ዋና ረዳቱ አድርጎ ያመሰግናል፤ ኖትሄልም የተባለው ቄስም ወደ ሮም ሄዶ በጳጳሳቱ መዝገብ ቤት ደብዳቤዎችን ፈልጎ እንዳመጣለት ይነግረናል።

በኋላ ዘመን ግን በፈረንሳይኛ «ኤስትዋር» የሆነው ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲያልፍ ሁለት መልክ ይዞ ወጣ። አንዱ «ስቶሪ» ነው፤ ሁለተኛው «ሂስትሪ» ነው። ለብዙ ዘመን በሁለቱ መካከል የጠራ ልዩነት አልነበረም። የሼክስፒር «የቬኒሱ ነጋዴ» በ1600 ሲታተም በርእሱ ገጽ ላይ «ሂስትሪ» ተብሏል፤ ሄንሪ ፊልዲንግም በ1749 ያወጣውን ልብ ወለድ የቶም ጆንስ «ሂስትሪ» ብሎታል። ኋላ ግን «ስቶሪ» ወደ ተረቱ፣ «ሂስትሪ» ወደ እውነተኛው ነገር አደሉ። ሁለቱን የሚለያያቸው ያለፈ ነገር መሆንና አለመሆን አይደለም፤ ተረትም ስላለፈ ነገር ሊናገር ይችላልና። የሚለያያቸው ከበስተኋላው ጥያቄ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

፮. ታሪክና ወር

አሁን ወደ ራሳችን ቃል እንመለስ። «ታሪክ» የሚለው ቃል ወደ ግዕዝና ወደ አማርኛ የገባው ከዐረብኛ ነው። በዐረብኛ «ተእሪኽ» ማለት መጀመሪያ ቀንና ዘመን መጻፍ ማለት ነበር። የሴም ቋንቋዎች ሊቃውንት ይህ ቃል ከጨረቃና ከወር ስም ጋር አንድ ሥር እንዳለው ያስረዳሉ፤ በግዕዝ «ወርኅ»፣ በአማርኛ «ወር» የምንለው የዚያው ዘመድ ነው። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ብዙ መጻሕፍት መተርጐማቸው የታወቀ ነው፤ ከነዚህም አንዱ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተተረጐመው የኒኪዩው ጳጳስ የዮሐንስ መጽሐፍ ሲሆን፣ ሌላው ቅጂ ሁሉ ጠፍቶ ዛሬ ለዓለም የቀረው የግዕዙ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ቃላት አጠገብ ለአጠገብ ብናኖራቸው ትልቅ ልዩነት ይታያል። የግሪኩ ቃል «ማን አየ? ማን ያውቃል?» ይላል። የሴሙ ቃል «መቼ ሆነ?» ይላል። ይህን ስንል አንዱን ለማክበር ሌላውን ለማዋረድ አይደለም። ዘመኑ ያልታወቀ ነገር ከምን በፊት፣ ከምን በኋላ እንደ ሆነ ስለማይታወቅ ምክንያቱና ውጤቱ ሊለይ አይችልም። የዜና መዋዕል ጸሓፊዎቻችን ንጉሡ በየትኛው ወር የት እንደ ከረመ በጥንቃቄ ባይጽፉልን ኖሮ ዛሬ የምንጠይቀው ነገር እንኳ ባልኖረን ነበር። ነገር ግን ዘመን ብቻ ይዞ መቅረትም አለ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ታሪክ ማለት ከሰሌዳ ላይ ወደ ደብተር የሚገለበጥ የዘመን ዝርዝር ነበር፤ ዓመቱን ያስታወሰ አለፈ፤ የዘነጋ ወደቀ። ያ ትምህርት የ«ታሪክ»ን ጥንተ ትርጕም ሰጥቶናል፤ የ«ሂስቶሪያ»ን ግን አልሰጠንም።

፯. ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ ሦስት «ሂስቶሪያዎች»

ቃሉ ከአገራችን ጋር በቀጥታ የተገናኘበትን ጊዜ ብንመረምር ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጥልናል። በ1610 ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ የዶሚኒካውያን መነኵሴ በስፓኝ አገር በቫሌንሲያ ከተማ ስለ ኢትዮጵያ አንድ «ሂስቶሪያ» አሳተመ። ኡሬታ ኢትዮጵያን አላየም። ጽሑፉን የመሠረተው ይበልጡን በአንድ ሰው ቃል ላይ ሲሆን፣ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በአምባ ግሼን ላይ አለ የተባለው እጅግ አስደናቂ የመጻሕፍት ቤት ለብዙ ዘመን የአውሮፓን አንባቢ አስደንቋል።

ለዚህ መጽሐፍ መልስ እንዲጽፍ የታዘዘው በኢትዮጵያ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ስለ ነበረ እርሱም ከወገንተኝነት ነጻ አልነበረም። ሆኖም የኡሬታን ነገር የአገሩን ሰዎች እየጠየቀና የነገሥታቱን ዜና መዋዕል እየተመለከተ አንድ በአንድ መረመረ። በ1618ም ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሳለ ግሽ ዓባይ ሄዶ ምንጩን በዓይኑ አየ። የሳይሱ ጸሓፊ ለሄሮዶቱስ በክሮፊና በሞፊ ተራሮች የመለሰውን ጥያቄ፣ በቦታው የተወለዱት የሰከላ ገበሬዎች ጠያቂ ባይመጣባቸውም ያውቁት ነበር። በፖርቱጋልኛ የተጻፈው የፓኤዝ መጽሐፍ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ሳይታተም ቆየ። ያልጠየቀው መጽሐፍ ታትሞ ሲነበብ የጠየቀው በመዝገብ ቤት ተኝቶ መኖሩ የሚያሳዝን ነው።

ሦስተኛው በ1681 የታተመው የጀርመናዊው የኢዮብ ሉዶልፍ «ሂስቶሪያ ኤቲዮፒካ» ነው፤ በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ «ሂስትሪ» ተብሏል። ሉዶልፍም እንደ ኡሬታ ኢትዮጵያን አላየም። ታዲያ በሁለቱ መካከል ምን ልዩነት አለ? ልዩነቱ በጥያቄው ላይ ነው። ሉዶልፍ በ1649 በሮም፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ በተባለው የኢትዮጵያውያን ገዳም፣ አባ ጎርጎርዮስ ከተባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው ጋር ተገናኘ። በ1652ም አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ተጠርተው ሄዱና ብዙ ጊዜ ተቀምጠው ስለ አገራቸው ሕግ፣ ቋንቋ፣ ሃይማኖትና ልማድ ተጠየቁ። ሉዶልፍ የሰማውን ከፖርቱጋሎች ጽሑፍ ጋር እያስተያየ ጻፈ፤ ይህ ነገር የጎርጎርዮስ ቃል ነው እያለም ምስክሩን በስሙ አስታወቀ። በ1691 ባሳተመው ማብራሪያ ደግሞ ስለ ጥያቄና መልሱ ብዙ ነገር ገለጠ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። በዚያች የጎታ ከተማ ባይጠየቁ ኖሮ ዕውቀታቸው ሁሉ ከእርሳቸው ጋር በሰጠመ ነበር።

፰. ከዚህ የምንወስደው ነገር

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የቃል መነሻ ለዛሬው ትርጕም ሕግ አይሆንም፤ ቃል እንደ ሰው አገሩን ለቆ ሌላ ኑሮ ይኖራል ይባል ይሆናል። ይህ ተቃውሞ እውነት ነው፤ እኛም የግሪኮች ቃል ያዘናልና እንታዘዝ አንልም። የምንለው፣ ቃሉ በጉዞው የጣለው ነገር ራሱ ሥራው የማይኖርበት ነገር ሆኖ ተገኘ ነው። ቤዳም፣ ፖሊቢዩስም፣ ሉዶልፍም ሥራቸው የሚታመነው በሚያምር ትረካቸው አይደለም፤ ማንን እንደ ጠየቁ ስለ ነገሩን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሽማግሌ ይረሳል፣ ምስክር ያደላል የሚል ነው። ይህንም ቱኪዲደስ አስቀድሞ ተናግሮታል፤ ነገር ግን አለመጠየቅን መድኀኒት አላደረገውም። የአንድ ምስክር መድኀኒቱ ሁለተኛ ምስክር ነው፤ የቃልም መድኀኒቱ ጽሑፍ፣ የጽሑፍም መድኀኒቱ ቃልና ቦታው ናቸው።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። ስለ አንድ ጦርነት፣ ስለ አንድ ገበያ ወይም ስለ አንድ ደብር ስንጽፍ ከታተሙ መጻሕፍት ያገኘነውን፣ በዓይናችን ያየነውን፣ ከሰው የሰማነውንና ራሳችን የገመትነውን እንደ ሄሮዶቱስ ለያይተን እንጻፍ። ከሰው የሰማነውን ስንጽፍ ማን እንደ ነገረን፣ እርሱም ነገሩን አይቶ ወይስ ከአባቱ ሰምቶ እንደ ሆነ እንግለጽ። የውጭ አገር ሊቅ ስላለ ብቻ አንቀበል፤ የአገራችን ሰው ስላለ ብቻም አንቀበል። ያልተስማማንበትን አሳብ ከምክንያቱ ጋር እንጻፈው፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ የተሳሳትንበትን ቦታ እንዲያገኘው ያን ጊዜ ይችላል።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ለጽሑፍ ማርክ ሲሰጥ የተጠቀሱት መጻሕፍት ብዛት ብቻ ሳይሆን የተጠየቁት ሰዎችና የታዩት ስፍራዎች ይቈጠሩ። ለዕረፍት ወደየመንደራችን ስንመለስ ዜና መዋዕል ያልጻፈላቸውን ነገሮች፣ የግብርን፣ የርስት ክርክርን፣ የረኃብን፣ የስደትን ነገር በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በየቤቱ እናገኛለን። መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ይቈየናል፤ እነርሱ ግን ዕድሜያቸው የገፋ ነውና አይቈዩንም። የታመመ ለመጠየቅ የማንሰንፍ ሕዝብ ነን፤ ያየ ሰውንም ለመጠየቅ አንስነፍ።